«ሾርት» ሲባል ማጠር ብቻ አይደለም፦ የመጋገሪያ ቤት እንግሊዝኛ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአንድ ችግር ልጆች ናቸው። የእንግሊዝኛ የአጋገር መመሪያ ይነበባል፤ ያልገባው ቃል ከመዝገበ ቃላት ይፈለጋል፤ የተገኘው ፍቺ ወደ ሳህኑ ይገባል፤ ኬኩ ይበላሻል። መዝገበ ቃላቱ አላጠፋም። የጋጋሪ ቃል ከጋጋሪ እጅ የወጣ ስለሆነ ሌላው ሰው ከሚናገረው ራቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ግን ብዙ ጊዜ እጅ ምን መሥራት እንዳለበት ጭምር ይነግራል።

ጥያቄ፦ ሾርትብሬድ ልሠራ ብዬ መመሪያው «ሾርትኒንግ» ጨምሩ ይላል። ፍቺውን ብፈልገው «ማሳጠር» አለኝ። ምን የሚያሳጥር ነገር ነው? በገበታ ቅቤም ሞክሬው እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ። — ከሐዋሳ

መልስ፦ «ሾርት» አጭር ማለት መሆኑ እውነት ነው። ጋጋሪዎች ግን ከ15ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በሌላ ትርጉም ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ሲነክሱት ፍርክስ የሚል፣ የማይሳብ፣ የማይለጠጥ ማለት ነው። ሾርትብሬድም አጭር ዳቦ ሳይሆን ፍርክስ የሚል ዳቦ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስንዴ ዱቄት ውሃ አግኝቶ ሲታሽ ፕሮቲኑ እንደ ክር እየተያያዘ ግሉተን የምንለውን ድር ይሠራል፤ ግሉተን በላቲን ሙጫ ማለት ነው። ለዳቦ ይህን ድር እንፈልገዋለን። ስብ ግን የዱቄቱን ቅንጣት ቀድሞ ካለበሰው ውሃው ስለማይደርሰው ክሩ ሳይረዝም ይቀራል። ስለዚህ ሾርትኒንግ ሊጡን ፍርክስ የሚያሰኝ ማንኛውም ስብ ነው፤ ቅቤም፣ ማርጋሪንም፣ የሚረጋ የአትክልት ዘይትም ይሆናል። በ1911 ክሪስኮ የተባለው ከጥጥ ፍሬ ዘይት የረጋ ስብ አሜሪካ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ግን የአሜሪካ መመሪያ «ሾርትኒንግ» ሲል በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ነጭ፣ ጠረን የሌለው የረጋ የአትክልት ስብ ማለቱ ነው።

የሾርትብሬድ ልክ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ በሚዛን 1 እጅ ስኳር፣ 2 እጅ ቅቤ፣ 3 እጅ ዱቄት። 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት ይያዙ። ከዱቄቱ 50 ግራሙን በበቆሎ ስታርች ቢተኩት ይበልጥ ይፈረካከሳል። ቅቤው ለስለስ ይበል እንጂ አይቅለጥ። ከስኳሩ ጋር አዋህደው ዱቄቱን ይጨምሩና ልክ መያያዝ ሲጀምር እጅዎን ያንሱ። 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው ትሪ ላይ ይጠፍጥፉት፤ በሹካ ይውጉት፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ 30 ደቂቃ ያቆዩትና በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋግሩት። ዳር ዳሩ ፈዛዛ ወርቃማ ሲሆን ይበቃዋል። ገና ትኩስ ሳለ በቢላ ይቁረጡት፤ ከቀዘቀዘ ይሰባበራል።

እንደ ድንጋይ የደረቀው ከሦስት በአንዱ ነው። አንደኛ፣ «አልያያዝ አለኝ» ተብሎ ውሃ ወይም ወተት ጠብ ሲደረግበት። ሁለተኛ፣ እንደ ዳቦ ሊጥ ሲታሽ። ሁለቱም ያንን ክር ያስረዝሙታል። ሦስተኛ፣ ቡናማ እስኪሆን ኦቨን ውስጥ ሲቆይ። በንጥር ቅቤ እሠራለሁ ካሉ ደግሞ መጠኑን ይቀንሱ። የገበታ ቅቤ 80 ከመቶ ገደማ ስብ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ንጥሩ ግን ውሃው ወጥቶለታል። በ200 ግራም ፋንታ 160 ግራም ይበቃል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ከሆነ ጣዕሙ ሾርትብሬድ መሆኑ ይቀራል፤ መጥፎ ይሆናል ግን አላልንም።

ጥያቄ፦ የዳቦ መመሪያው መጀመሪያ እርሾውን «ፕሩፍ» አድርጉ ይላል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ዳቦውን አንድ ሰዓት «ፕሩፍ» አድርጉ ይላል። ፕሩፍ «ማስረጃ» አይደለም ወይ? — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ማስረጃ ነው፤ ግን የማስረጃ ወላጁ ፈተና ነው። ቃሉ «ፕሮባሬ» ከሚለው የላቲን ግስ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን መፈተን፣ መሞከር ማለት ነበር። እርሾን ፕሩፍ ማድረግ «በሕይወት አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። 120 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ ፓኬት፣ ማለትም 7 ግራም ደረቅ እርሾ ያድርጉ፤ በማንኪያ ከሆነ ሁለት ከሩብ የሻይ ማንኪያ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ አናቱ ላይ እንደ ጠላ አረፋ ከደፈቀ ሕያው ነው። ዝም ካለ ዱቄትዎን አያባክኑ።

የውሃው ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ቴርሞ ሜትር ከሌለዎት አንድ እጅ የፈላ ውሃ ላይ ሁለት እጅ የቧንቧ ውሃ ይጨምሩ፤ በደጋ ከተማ ይህ ከሞላ ጎደል ልኩን ይሰጣል። ጣትዎ ነክቶት «ይሞቃል» ካለ ደህና ነው፤ «ያቃጥላል» ካለ እርሾውንም ያቃጥለዋል። ከ55 ዲግሪ በላይ እርሾ መሞት ይጀምራል። ፓኬቱ ላይ «ኢንስታንት» የሚል ካለ ይህን ሁሉ መዝለል ይቻላል፤ ከዱቄቱ ጋር በደረቁ ይደባለቃል።

ሁለተኛው ፕሩፍ ዳቦው ቅርጽ ከያዘ በኋላ ኦቨን ሳይገባ ለመጨረሻ ጊዜ ኩፍ የሚልበት ጊዜ ነው። እንግሊዞች ይህንኑ «ፕሩቭ» ይሉታል። እዚህም ፈታኝ አለ፤ እሱም ጣትዎ ነው። ዱቄት ነክረው ሊጡን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጫኑት። ወዲያው ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ገና ነው። ቀስ ብሎ ተመልሶ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ኦቨኑ ይጠብቀዋል። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ግሉተኑ ከሚችለው በላይ ተለጥጦ ጋዙን መያዝ አቅቶታል፤ እንዲሁ ቢጋገር ኦቨን ውስጥ ይሟሽሻል። መፍትሔው ሊጡን ደቁሶ አየሩን ማስወጣት፣ ቅርጹን እንደገና ማውጣትና ዳግም ማቆየት ነው።

መመሪያው «አንድ ሰዓት» ያለውን አያምልኩት። ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ አገር የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሊጥ ይፈጥናል፤ ቤቱ ሞቃት ከሆነ ደግሞ ይብሱን ይፈጥናል። ሰዓቱን ትተው መጠኑን ይዩ።

ጥያቄ፦ «ዶ» እና «ባተር» ሁለቱም ሊጥ ናቸው ተብሏል። ታዲያ ለምን ሁለት ቃል አስፈለገ? — ከመቀሌ

መልስ፦ አማርኛም እኮ ቡኮና ሊጥ አለው። «ባተር» መምታት ከሚል የፈረንሳይኛ ግስ የወጣ ነው፤ የሚመታ፣ የሚፈስ፣ የኬክና የፓንኬክ ነው። «ዶ» ደግሞ ጭቃን እንደ ማድቦልቦል ያለ መነሻ ካለው ጥንታዊ ቃል የመጣ ነው፤ የሚታሽ ነው። ባተርን እንደ ዶ ብዙ ካሹት ኬኩ ላስቲክ ይሆናል፤ ውስጡም ረጃጅም ቀዳዳ ያወጣል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ነጩ እስኪጠፋ ብቻ ያማስሉ።

ጥያቄ፦ «ሎርድ» የሚለው የእንግሊዝ ማዕረግ ከዳቦ መጣ ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው? — ከጎንደር

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዳቦ «ህላፍ» ይባል ነበር፤ የዛሬው «ሎፍ» እሱ ነው። «ህላፍዌርድ» ማለት ዳቦ ጠባቂ ማለት ሲሆን እያጠረ «ህላፎርድ»፣ በመጨረሻም «ሎርድ» ሆነ። ሚስቱ «ህላፍዲዬ» ነበረች፤ ዳቦ የምታቦካ። እሷም «ሌዲ» ሆነች። የ«ህላፍዲዬ» ሁለተኛ ክፍል ከ«ዶ» ጋር ዘመድ ነው። ቤተሰቡን የሚያሟላ ሦስተኛ ቃልም አለ፤ በ7ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በኬንት ንጉሥ በኤዘልበርት ሕግ ውስጥ በሰው ቤት የሚያድር ጥገኛ «ህላፍኤታ» ተብሏል፤ ዳቦ በሊ ማለት ነው። ጠባቂ፣ አቡኪ፣ በሊ። አንድ ግቢ ሙሉ በሊጥ ሲተረጎም ይህን ይመስላል። የሴት ሠራተኛ መጠሪያ የነበረው ሌላው የአቡኪ ቃል ደግሞ ዛሬ «ዴይሪ» በሚለው የወተት ቤት ስም ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

ነሐሴ ሲገባ የሚነሳ ሌላ ቃል አለ። በፈረንጆች ኦገስት 1 ቀን ከአዲሱ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰድ ነበር፤ በዓሉ «ላማስ» ይባላል፤ የህላፍ ቅዳሴ ማለት ነው። የእኛ የቡሄ ሙልሙል ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ይመጣል፤ ሁለቱ ግን ዝምድና የላቸውም።

ከላቲኑ የዳቦ ስም ከ«ፓኒስ» የወጡት ደግሞ ሌላ ሰልፍ ናቸው። «ፓንትሪ» መጀመሪያ የዳቦ ማስቀመጫ ክፍል ነበር። «ኮምፓኒየን» ማለት ዳቦ አብሮ የሚበላ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ባልንጀራ ውስጥ እንጀራው ቁልጭ ብሎ ይታያልና።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ «ቢስኪት» ብዬ ያዘዝኩት ለስላሳ ዳቦ ሆኖ መጣ። ለንደን ያለችው እህቴ ደግሞ ቢስኪት የምትለው ደረቁን ነው። ማናችን ተሳሳትን? — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ በትውልዱ ከሄድን እህትዎ ትቀርባለች። ቃሉ «ቢስ ኮክተስ» ከሚለው ላቲን የመጣ ሲሆን ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው። የጀርመኑ «ትስቪባክ»ም፣ የጣሊያኑ «ቢስኮቲ»ም ይህንኑ ይላሉ፤ የእኛ ብስኩትም ከዚሁ ዘር ነው። አንዴ የተጋገረውን ቆራርጦ እንደገና ማድረቅ እርጥበቱን ስለሚያባርረው ለመርከበኛና ለወታደር ስንቅ ይሆናል። ደርቆሽን ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዞች ቃሉን ለረጅም ዘመን እንደሚጠሩት «ቢስኬት» ብለው ይጽፉት ነበር፤ ኋላ የፈረንሳዩን አጻጻፍ መልሰው ወሰዱና ዛሬ በፊደሉ ውስጥ የማይነበብ «ዩ» ይዞ ይኖራል።

አሜሪካኖቹ ስሙን ይዘው ነገሩን ቀየሩት። የእነሱ ቢስኪት በቤኪንግ ሶዳ ወይም በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ ትንሽ ለስላሳ ዳቦ ሲሆን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጋገረው፤ በእንግሊዝ ቅርቡ «ስኮን» ነው። ደረቁን ጣፋጭ ደግሞ «ኩኪ» ይሉታል። ይህ ከደች «ኩክዬ» የመጣ ነው፤ ትንሽ ኬክ ማለት ነው። ኒው ዮርክ እስከ 1664 ኒው አምስተርዳም እንደነበረች ካስታወሱ መንገዱ ግልጽ ነው።

መመሪያ ሲያነቡ ታዲያ ከስሙ በፊት የኦቨኑን ሙቀት ይዩ። 220 ዲግሪና ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ካለ የአሜሪካ ቢስኪት ነው፤ ከ160 እስከ 180 ካለ የእንግሊዝ። ለአሜሪካው 250 ግራም ዱቄት፣ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 90 ግራም ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠንካራ ቅቤና 180 ሚሊ ሊትር ወተት ይበቃል። ቅቤው በጣት ጫፍ እየታሸ የአተር ክክ እስኪያክል ብቻ ይፈርፈር። የቀሩት የቅቤ ቅንጣቶች ኦቨን ውስጥ ሲቀልጡ እንፋሎታቸው ንጣፍ ንጣፍ ይሠራል። ሊጡን 2 ሴንቲ ሜትር አድርገው በብርጭቆ አፍ ሲቆርጡ ቀጥ አድርገው ይጫኑ፤ አያዙሩ። ካዞሩት ጠርዙ ይለጠፍና በአንድ በኩል ብቻ ይነሳል፤ የተንጋደደ ቢስኪት ሁሉ ታሪኩ ይህ ነው።

እውነተኛ ሁለት ጊዜ የበሰለ ከፈለጉ ግን የጣሊያኑን ይሞክሩ፤ ሊጡን እንደ ግንድ አድርጎ በ175 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ አቀዝቅዞ 1.5 ሴንቲ ሜትር እያደረጉ በሰያፍ መቁረጥ፣ ከዚያ በ150 ዲግሪ እያንዳንዱን ጎን 10 ደቂቃ።

ጥያቄ፦ የኮምፒዩተሩ «ኩኪ»ስ? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ያው ኩኪ ነው። ፕሮግራመሮች ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የምትተላለፍን ትንሽ መረጃ «ማጂክ ኩኪ» ይሏት ነበር፤ በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ሐሳቡን ለድረ ገጽ ሲያውለው ስሙንም ይዞት ሄደ። አይበላም።

ጥያቄ፦ «ባተርሚልክ» ስለጠፋ ቅቤ አቅልጬ ወተት ውስጥ ጨመርኩ። ኬኩ ቅባታም ሆነ፤ አልነፋም። — ከአዳማ

መልስ፦ ስሙ አሳስቶዎታል። እዚህ «ባተር» ቅቤ ነው፤ ከላይ ያየነው የሊጡ «ባተር» ሌላ ቃል ነው። ባተርሚልክ ቅቤ ያለበት ሳይሆን ቅቤው የወጣለት ነው፤ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ሲነሳ የሚቀረው። አሬራ ይባላል፤ ምናልባትም ደጃፍዎ ላይ ይሸጣል። ኬኩ ያልነፋው መመሪያው የአሬራውን ኮምጣጣነት ተማምኖ ሶዳ ስላዘዘ ነው። ሶዳ አሲድ ካላገኘ ጋዙን በደንብ አይለቅም፤ የሳሙና ጣዕም ብቻ ይተዋል። ለ240 ሚሊ ሊትር አሬራ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ልኩ ነው። አሜሪካ በካርቶን የሚሸጠው ግን በባክቴሪያ የረጋ ወፍራም ወተት በመሆኑ ከአሬራ ይጠነክራል፤ ስለዚህ አሬራውን በአንድ ወይም በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀነስ ያድርጉት። አሬራ ከታጣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ላይ ወተት እስከ 240 ሚሊ ሊትር ሞልተው 10 ደቂቃ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ «ክሪም ዘ ባተር ኤንድ ሹገር» የሚለውን አንብቤ ክሬም ጨመርኩ። «ክሪም ኦፍ ታርታር» የሚባለውም ክሬም ሊሆን ነው? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለቱም ውስጥ ክሬም የለም። የመጀመሪያው ግስ ነው፤ ቅቤና ስኳሩን ክሬም እስኪመስል መምታት። የስኳሩ ጠርዝ ቅቤውን እየቧጠጠ ጥቃቅን የአየር ቋቶች ይሠራበታል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ኋላ የሚነፋው እነዚህኑ ቋቶች ነው፤ አዲስ ቀዳዳ አይፈጥርም። ስለዚህ ይህን ደረጃ ያቻኮለ ሰው ፓውደር ቢጨምርም አይካስም። ቅቤው ጣት ሲጫኑት ጎድጎድ የሚል እንጂ የሚያብረቀርቅ አይሁን፤ 18 ወይም 20 ዲግሪ ማለት ነው። በማሽን 5 ደቂቃ፣ በእጅ ከ10 ደቂቃ በላይ፤ ቀለሙ ከቢጫ ወደ ነጣ ያለ ሲቀየር ይበቃል። እንቁላሉ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው ከገባ ቅቤው ይረጋና ድብልቁ እንደ አይብ ይቆራረጣል። አንድ ማንኪያ ዱቄት ጣል ቢያደርጉበት ይመለሳል።

ክሪም ኦፍ ታርታር ነጭ ዱቄት ነው፤ ወይን ሲብላላ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ከሚጋገረው ቅርፊት ይጣራል። «ክሪም» የተባለው የተጣራው ምርጥ ክፍል ስለሆነ ነው። በጥርስ ላይ የሚጋገረው ታርታርም በዚሁ ቅርፊት ስም ተጠራ። ሥራው አሲድ መሆን ነው። የእንቁላል ነጭ ሲመታ እንዳይሟሽሽ ለአንድ እንቁላል አንድ ስምንተኛ የሻይ ማንኪያ ይገባል፤ ከሌለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይተካዋል። ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ክሪም ኦፍ ታርታር ጋር ሲደባለቅ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ እዚህ ሱቅ ውስጥ «ስትሮንግ»፣ «ፕሌይን»፣ «ሰልፍ ሬይዚንግ» የሚሉ ዱቄቶች አሉ። በሰልፍ ሬይዚንግ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ተፈረካከሰብኝ። «ፍላወር» ደግሞ አበባ አይደለም? — ከዱባይ

መልስ፦ ከአበባው እንጀምር፤ አዎ፣ አንድ ቃል ነበሩ። የተፈጨው እህል ሲነፋ የሚወጣው ነጭና ምርጡ ክፍል «የዱቄቱ አበባ» ይባል ነበር። አጻጻፋቸው የተለያየው ቆይቶ ነው፤ ሲነበቡ ዛሬም አንድ ናቸው። የእኛ «ፉርኖ» በሌላ በር ነው የገባው፤ በጣሊያንኛ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው፤ የምድጃ ዱቄት እንደማለት።

«ስትሮንግ» ጉልበቱ የግሉተን ነው። ከረጢቱ ጀርባ ላይ በ100 ግራም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይፈልጉ፤ 12 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ለዳቦ ነው፤ ከ9 እስከ 11 ለኬክና ለብስኩት። «ሰልፍ ሬይዚንግ» ራሱን የሚያነሳ ማለት ሲሆን ቤኪንግ ፓውደርና ብዙ ጊዜም ጨው ቀድሞ የገባበት ደካማ ዱቄት ነው። የብሪስቶሉ ጋጋሪ ሄንሪ ጆንስ በ1845 ፓተንት ያወጣበት መርከበኞች ያንን ሁለት ጊዜ የደረቀ ብስኩት ትተው ባሕር ላይ ትኩስ ዳቦ እንዲበሉ አስቦ ነበር።

ድፎዎ የተፈረካከሰው በሁለት ምክንያት ነው። ዱቄቱ እርሾው የሚያወጣውን ጋዝ ለረጅም ሰዓት የሚይዝ ግሉተን የለውም፤ ውስጡ ያለው ፓውደር ደግሞ ሊጡ ኩፍ ሲል ጉልበቱን ጨርሶ ኦቨን ውስጥ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። የቀረዎትን ለኬክ ያውሉት፤ መመሪያው ያዘዘውን ፓውደር ግን አይጨምሩ። በተቃራኒው እሱን የሚጠይቅ መመሪያ ሲገጥምዎት 150 ግራም ፕሌይን ዱቄት ላይ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር አድርገው ሁለቴ ይንፉት።

ጥያቄ፦ «ቤከርስ ደዝን»፣ ማለትም የጋጋሪ ደርዘን፣ ለምን 13 ሆነ? — ከጅማ

መልስ፦ በእንግሊዝ በ1266 በንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ዘመን የወጣ የዳቦና የቢራ ሕግ ነበር። የዳቦው ዋጋ አይነካም፤ የስንዴ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ የሚቀያየረው ክብደቱ ነው። ዋጋው ባለበት ቆሞ ግራሙ ሲሟሟ ላየ የከተማ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እዚያ ያጎደለ ጋጋሪ ይቀጣል፤ አደባባይ ላይ አንገቱና እጁ በእንጨት ተጠርቆ እስከ መቆም። ስለዚህ 12 ለገዛ 13ኛውን ምራቂ መስጠት ጥንቃቄ ሆነ ይባላል። ሌላው ማብራሪያ 13ኛው ዳቦ ዞሮ ለሚሸጠው ቸርቻሪ የሚቀርለት ትርፍ ነበር ይላል። አባባሉ ጽሑፍ ላይ የሚገኘው ከ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ስለሆነ ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ሚዛን ይደፋል።

ጋጋሪው ሳያስበው የሚያጎድልበት ምክንያት ግን እውነተኛ ነው። ዳቦ ሲጋገር ከ10 እስከ 15 ከመቶ ክብደቱ በእንፋሎት ይሄዳል። 100 ግራም ዳቦ ለመሸጥ 115 ግራም ሊጥ መመዘን ያስፈልጋል፤ ትንንሽ ዳቦ ከትልቅ ይበልጥ ይደርቃል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳለሁ ኬኬ ያማረ ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ በዚያው መመሪያ፣ በዚያው ቤኪንግ ፓውደር ቶሎ ይነሳና መሃሉ ይሰምጣል። ቆርቆሮው ላይ «ደብል አክቲንግ» ይላል። ኃይሉ በዝቶ ይሆን? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ «ደብል» ሁለት እጥፍ ኃይል ማለት አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። አንዱ አሲድ ሲረጥብ፣ ሌላው ኦቨን ውስጥ ሲሞቅ ይነሳል። አልፍሬድ በርድ በ1843 በርሚንግሃም ውስጥ እርሾ ለማይስማማት ሚስቱ ብሎ የሠራው የመጀመሪያው ፓውደር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ስለነበር ሊጡ እንደረጠበ ወደ ኦቨን መሮጥ ግድ ነበር።

የእርስዎ ችግር ከፍታው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አየሩ ስለሳሳ ጋዙ ይበልጥ ይለጠጣል፤ የኬኩ ግድግዳ ሳይጠነክር ጣሪያው ይነሳና ይደረመሳል። ውሃውም ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ በድብልቁ ውስጥ ይበረታና ኬኩ እንዳይጸና ያዘገየዋል። በእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ላይ ሩቡን ይቀንሱ። ከአንድ ኩባያ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ ያንሱ። ለአንድ ኩባያ ፈሳሽ 3 የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ። ኦቨኑን 10 ዲግሪ ከፍ አድርገው ከተጻፈው ጊዜ 5 ደቂቃ ቀድመው ይፈትሹት። ሁሉንም ለውጥ በአንድ ቀን አያድርጉ፤ ከፓውደሩ ይጀምሩ፤ ለብዙ ኬክ እሱ ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ኩኪ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። መመሪያው «በባች» ይላል። የመጀመሪያው ያምራል፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ተንጣሎ ጠፍጣፋ ይወጣል። ባች ማለትስ ምንድን ነው? — ከደሴ

መልስ፦ «ባች» ከ«ቤክ» የተወለደ ነው፤ አንድ ምድጃ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ማለት ነው። ዛሬ ስለ ሲሚንቶም ስለ መድኃኒትም ይነገራል፤ መነሻው ግን የዳቦ ምድጃ ነው። «ባክስተር» የሚለው የአባት ስም ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ ሴት ከሚለው የጥንት ቃል ነው የወጣው።

ሁለተኛው ባች የሚንጣለለው ትሪው ገና ትኩስ ሳለ ሊጥ ስለሚቀመጥበት ነው። ኦቨን ሳይገባ ቅቤው ይቀልጣል፤ ዱቄቱና እንቁላሉ ጸንተው ሳይይዙት ይፈስሳል። ሁለት ትሪ ይኑርዎትና አንዱ ኦቨን ውስጥ ሳለ ሌላው ይቀዝቅዝ። ያለዎት አንድ ከሆነ ጀርባውን ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበትና ያድርቁት፤ የተረፈው ሊጥ ደግሞ ተራው እስኪደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ።